በጨው ጭቅጭቅ የተከለከለው ኩላሊት

ለተከበሩ የአካል ልገሳ ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎም ሆነ ለኮሚቴው አባላት ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ኩላሊታችሁን ይጠብቅላችሁ፤ እሱ ከታመመ ማመልከቻ ይዛችሁ የምትቆሙት በገዛ ራሳችሁ በር ላይ ነውና።

እኔ ከሁለት ወር በፊት ቢሯችሁ ቀርቤ ስለ አንዲት አማትና ስለ ምራታቸው የመሰከርኩት ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ እነሱ ወዲያ ማዶ ሲያስነጥሱ እኔ ወዲህ ማዶ ሆኜ «ይማራችሁ» እላለሁ።

ምራቲቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ስላቆሙ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ማሽን ላይ ትውላለች። ባሏም እህቷም ተመርምረው አልገጠሙም፤ የገጠመው የአማቷ ነው። እኚህ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ውጤቱን ሲሰሙ «ድሮስ የጎደላትን ሁሉ ከእኔ አይደል የምትወስደው!» ብለው ለመስጠት ተነሡ። ኮሚቴያችሁ ግን የሥጋ ዘመድ ያልሆነ ለጋሽ ፍቅሩን ማስመስከር አለበት በሚለው ደንቡ መሠረት፣ ማመልከቻውን «በመካከላቸው ቅራኔ አለ» ብሎ ባለፈው ወር መልሶታል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ማንም ተገዶ አካሉን እንዳይሰጥ ስለምትጠብቁ ከልብ አመሰግናለሁ። በዓለም ላይ ችግረኛ ተታሎ ኩላሊቱን የሚሸጥበት ቦታ አለና ነገሩ ቀልድ አይደለም። እኚህን ሴት ግን የሚያስገድድ ሰው ከተገኘ እኔም ላየው እወዳለሁ፤ ሟች ባለቤታቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለፍተው የአልጋውን ቦታ እንኳ አላስቀየሯቸውም።

፪ኛ፦ ስለ ቅጻችሁ አጭርነት አመሰግናለሁ። «ይጣላሉ?» ይልና «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ አሉት። እኔም ውሸት አይሆንልኝምና «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። በምን እንደሚጣሉ የሚጻፍበት መስመር ስላልነበረው እዚህ ልሙላው፦ የሚጣሉት በጨው ነው። ሐኪም ጨው ከልክሏታል፤ እሷ ትሰርቃለች፣ እሳቸው ይደብቃሉ። የጨው ዕቃው ጫማ ውስጥም፣ ሬዲዮ ጀርባም፣ አንዴ ደግሞ የእኔው የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ ተገኝቷል። «እማዬ፣ እስረኛ አደረጉኝ እኮ!» ትላለች። «ቅመሺውና እዚያው ማሽንሽ ላይ ዋዪ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!» ይላሉ። ታዲያ እኚሁ ምንም ያልቸገራቸው ሴት በእጥበቱ ቀን ከማለዳ ጀምረው አጠገቧ ተቀምጠው እግሯን ሲያሹ ይውላሉ።

፫ኛ፦ «ስድስት ወር በስምምነት ኖረው ይመለሱ» ያላችሁት ምክር ሠርቷል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። «ይቅርታ፣ እማዬ»፣ «ምንም አይደል፣ ልጄ» ከማለት በቀር የሚሰማ የለም። አማቲቱ መዝገባችሁን ፈርተው የጨው ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ትተውታል። ባለፈው ሳምንት ምራቲቱ ፊቷ አብጦ፣ ሳንባዋ ውኃ ይዞ በአምቡላንስ ተወሰደች። እንኳን ደስ ያላችሁ፤ በፍጹም ስምምነት ነው የታመመችው።

፬ኛ፦ በሌሎች አገሮች፣ ኩላሊታቸው ለገዛ ዘመዳቸው ያልገጠመ፣ ጨርሶ የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ለጋሽ እንደሚለዋወጡ አንብቤአለሁ። ብልሆች ናቸው፤ ካልተዋወቁ ጎረቤት አይመሰክርባቸውም።

ክቡር ሆይ፣ አማቲቱ በመጪው ወር መጨረሻ ስልሳ አምስት ዓመት ይሞላቸዋል፤ በደንባችሁ ከዚያ ወዲያ መስጠት አይፈቀድላቸውም። ከስድስት ወራችሁ ግን ገና አምስቱ ይቀራሉ። ምስክርነቴን በዚህ ደብዳቤ አርሜአለሁና ጉዳዩ በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባችሁ እንደገና እንዲታይ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

በማኅተማችሁ ድምቀት የምደነቅ፣ በቀጠሯችሁ ርዝመት ትዕግሥትን የተማርኩ፣ በአንዲት የእስክሪብቶ ምልክት ሰው ለመግደል የተቃረብኩ፣

ትሑት አገልጋይዎ፣ ልብስ ሰፊዋ

ከፊርማዬ በኋላ፦ አማቲቱ ይህን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ አንድ ነገር እንድጨምር አዘውኛል። የእርስዎም አማት በሕይወት ካሉ፣ ዛሬውኑ ይደውሉላቸውና አንድ ኩላሊት ቢያስፈልግዎ ይሰጡዎት እንደሆነ በትሕትና ይጠይቋቸው። መልሳቸውንም እባክዎ በቃለ ጉባኤ ያስይዙልን።