ከመፈረምህ በፊት አንድ ጠብታ ዘይት

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፤

«ይኼ የመኪናዬ ካምቢዮ ይታደሳል ወይስ ይጣላል?» ብለህ ነበር በመጨረሻው ደብዳቤህ የጠየቅኸኝ። ጥያቄህን ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ከመልሱ በፊት ግን ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? እማዬ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመረች? እትዬስ ከሱቋ ጋር እንዴት ናት? ወላቋ ልጅህስ የፊት ጥርሷን አበቀለች ወይስ አሁንም አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው? እኔ ደህና ነኝ። የዘይቱ ጥቁረት ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ከማለቱ በቀር ምንም አልጎደለብኝ።

ባለፈው በስልክ «ደብዳቤዬ ሳይደርስህ የመኪናውን ሽያጭ እንዳትፈርም» ብዬ ቶሎ የዘጋሁት ወሬ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የምነግርህ ነገር የሚያሳፍር ስለሆነብኝ ነው። ደግሞም አንተ በስልክ ሲነግሩህ «ይሁን፣ ይሁን» ትልና ግማሹን ሳትሰማ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን መሪው ላይ ዘርግተህ ሁለቴ ታነባለህ። ስለዚህ ሁሉንም ጻፍኩልህ።

የምሠራበት ጋራዥ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም አዳራሽ ነው። በአንዱ ጫፍ ጎማ ይፈታል፣ በሌላው ሞተር ይወርዳል፣ መሐል ላይ ባለው የብረት ጠረጴዛ ደግሞ የእኛ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ሆዳቸውን ከፍተው ይዘረጋሉ። አለቃዬ «ጆሮ» የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ምንም ነገር ከመፍታታቸው በፊት ረጅም ካቻቢቴ ካምቢዮው ላይ ያስደግፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ስሙ የወጣላቸው ለዚህ ነው። እኔን ደግሞ ከኮሌጅ ስለመጣሁ «ምሩቅ» ይሉኛል። «ምሩቅ፣ አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብዪኝ፤ እዚያ ቆጠራ አስተምረውሽ ከሆነ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይከፋኝ ነበር፤ አሁን ሳይጠሩኝ ሲውሉ ነው የሚከፋኝ።

ወንድም ጋሼ፣ የዚህን ነገር ውስጡን ብታየው ትገረማለህ። ከሥሩ አንድ የብረት ሰሌዳ አለ፤ ላዩ ላይ እንደ ጉንዳን ጎሬ የተጠላለፈ ቀጭን መንገድ ተቆፍሮበታል። ማርሽ የሚቀይረው በዚያ መንገድ የሚሮጠው ዘይት ነው። ግፊቱ ይኼኛውን ፍሪሲዮን ይጫናል፣ ያንን ይለቃል፤ አንተ እጅህን መሪው ላይ አድርገህ ስታፏጭ እሱ ከሥርህ ሥራ አይፈታም። አንድ ቀን የምሳ ሰዓቴን በሙሉ አንዱን መንገድ በቀጭን ሽቦ ስከተል አሳለፍኩ። ጆሮ አይተውኝ «ምሳሽን ዘይቱ በላው» አሉኝ።

አሁን ወደ አንተ መኪና ልምጣ። ስሚንቶ ጭነህ ዳገት ላይ ስትደርስ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ይለግማል፤ አርፎ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይሄዳል ብለሃል። ፍሪሲዮኖቹን አጥብቆ የሚይዛቸው የዘይቱ ግፊት ነው። ግፊቱ ካነሰ ይንሸራተታሉ፣ ሲንሸራተቱ ይግላሉ፣ ያ የጻፍክልኝ የማረር ሽታም ይመጣል። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ገና ሳይፈጥን ጉልበቱን ሁሉ ስለሚጥልበት ካምቢዮው ሸክሙ ይበዛበታል። ታዲያ ግፊቱን ምን ቀነሰው? እሱን ሳሰላስል ነው ባለፈው ሰኞ የሆነው የሆነው።

ያንተን የመሰለ የጭነት መኪና መጣ፤ ሕመሙም ያው ያንተው ነበር። ጆሮ የካምቢዮውን ዘይት እንዳነብ አዘዙኝ። ሞተሩ እንደጠፋ መለኪያውን ዘንግ መዝዤ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አስገብቼ አወጣሁና «ሙሉ ነው» አልኩ። እሳቸው ግን ሞተሩን አስነሱት፣ ዞረውበት መጡ፣ እጀታውን በየማርሹ አንድ አንድ ጊዜ አሳለፉና ሞተሩ እየሠራ «አሁን አንብቢ» አሉኝ። ዘይቱ የታችኛውን ምልክት እንኳ አልነካም። ከዚያ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ምሩቅ፣ ሞተሩ ሲተኛ ላይ ያለው ዘይት ሁሉ ወደ ገንዳው ወርዶ አብሮት ይተኛል። የቆመ ሰው ቁመቱ ስንት እንደሆነ ለማወቅ አልጋውን ትለኪያለሽ እንዴ?» አሉ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፣ ግን ካርቶኑ ትዝ አለኝና ዘንጉን መልሼ መጥረግ ጀመርኩ።

ካርቶኑን ታስታውሰዋለህ። መኪናውን በገዛህበት ክረምት ለእረፍት መጥቼ «አንቺ የተማርሽው፣ የዚህ ዘይት እንዴት ነው የሚታየው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። የሞተር ዘይት የሚታይበትን ነበር የማውቀው፤ አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። በትልልቅ ፊደል «በየማለዳው፣ ሞተር ሳይነሳ» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ በውስጥ በኩል ለጠፍኩልህ። አንተም ለሾፌር ጓደኞችህ ሁሉ «የእህቴ ጽሕፈት ናት» እያልክ አሳየህ። አንድ ማለዳ እንኳ እንዳላሳለፍክ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰንፎ ይተወውና መካኒክ ያየው ነበር፤ አንተ ግን በእምነት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ የተኛ ዘይት እያየህ «ሙሉ ነው» ብለህ ዳገት ወጣህ። በደብዳቤህ ደግሞ «ምናልባት እኔ ነኝ ጋዝ አብዝቼ የገደልኩት» ትላለህ። አይደለህም ወንድም ጋሼ። ያስተማርከኝ በዚያ መኪና ገቢ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳላውቅ ዘይት አስጠማሁት።

ያንተን መኪና መጽሐፍ እዚህ ፈልጌ አግኝቼ አነበብኩት፤ ከጆሮ አንድ ፊደል አይለይም። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ሳትጭን ግማሽ ሰዓት ያህል ንዳው። ሜዳ ላይ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፍ። ፍሬኑን ረግጠህ እጀታውን በየማርሹ አሳልፈህ ፓርክ ላይ መልሰው፣ ሞተሩን ሳታጠፋ አንብብ። ጎድሎ ከሆነ መጽሐፉ የሚለውን ዓይነት ዘይት በትንሽ በትንሹ ጨምር፤ ከልክ ካለፈ አረፋ ይሠራና ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ከዚያ በኋላ የማሻሻሉ ነገር አለ። እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ በደስታ ነው። በጀታችን ጠባብ ነው፣ አዲስ ካምቢዮ የሚታሰብ አይደለም። ጆሮ ግን «ካምቢዮ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ መጀመሪያ አቀዝቅዢው» ይላሉ። ከወዳደቁ መኪናዎች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣ ፈትተን ከራዲያተሩ ፊት እንሰቅላለን። ታዲያ ካምቢዮው ተሰባብሮ ከቆመ መኪና ላይ እንዳትወስድ፤ የብረት ብናኙ ውስጡ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ፊልትሮ እንቀይራለን፣ ከፊትህ የዘይት ሙቀት መለኪያ እናስቀምጣለን። ግፊቱን ትንሽ ከፍ የሚያደርጉት ጠንካራ ስፕሪንጎች የመጨረሻ ናቸው፤ እነሱን በዓመት ፈቃዴ ይዤ መጥቼ አብረን እንገጥማለን። ጆሮን በመጀመሪያ ስፕሪንግ እንግጠም ብያቸው «ሳታጥቢው ልብስ ልታለብሺው ነው?» ብለውኛል።

አልዋሽህም፤ ፍሪሲዮኖቹ አርረው አልቀው ሊሆን ይችላል። ገዢው ሰውዬ «ካምቢዮው ሞቷል» ብሎሃል፤ እሱም ሊሆን ይችላል። ግን ማን ለክቶ አየው? መልስ የሚፈልገው በወሩ መጨረሻ ነው ብለኸኛል፤ ጊዜ አለን። ለክተን ሞቶ ካገኘነው ሽጠው፣ እኔም አፌን እይዛለሁ። ሳይለካ ግን በእኔ ካርቶን ምክንያት እንዳይሄድብን።

እማዬን «ጉልበትሽን ሳምልኝ ብላኛለች» በልልኝ። እትዬን የላከችልኝ ሹራብ ጋራዥ ውስጥ እንዳይቆሽሽ ለእሑድ ብቻ እንደምለብሰው ንገራት። ወላቋን እዚህ ጥርሳቸው ያለቀ ማርሾች እንዳሉና እነሱ እንደማይበቅሉ፣ የእሷ ግን እንደሚበቅል ንገርልኝ። ካርቶኑን አትቅደደው፤ ገልብጠህ በጀርባው አዲሱን ጻፍበት፣ አሁን ግን በራስህ እጅ ጽሕፈት።

ከዚህ በታች አንድ ክብ ስዬልሃለሁ። ዘንጉን ከሙቁ ካምቢዮ ስትመዝ አንድ ጠብታ ዘይት ክቡ ውስጥ ጣልበት፣ ይድረቅ፣ ቆርጠህ ላክልኝ። ቀይ ከሆነ አልረፈደም። ቡናማ ከሆነ ዘግይተናል፣ ግን እንሞክራለን። ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለበት እውነቱን ሁለታችንም እናውቃለን። ከጎኑ ዘንጉ ላይ የት እንደደረሰ በእርሳስ ጻፍልኝ። ጆሮም ጠብታዋን ለማየት ቸኩለዋል፤ እንደ እኔ ግን አይደለም።

እህትህ

ከጋራዡ ማዶ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን

◯