ባለቤቴ ስልኳን እንድትቆልፍ ስላስተማሩልኝ አመሰግናለሁ

ለተከበሩ የሰፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ በመደርደሪያዎችዎ ላይ ካለው አቧራ የበዛ ጤናና ዕድሜ ከልብ እመኝልዎታለሁ። እኔ ከደጃፍዎ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የጠገንኩ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። «ስልክዎንና ኮምፒውተርዎን ራስዎ ይያዙ» የተባለውን የቅዳሜ ነፃ ትምህርት ስለከፈቱልን፣ በእኔም በትዳሬም ስም ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ ባለቤቴ የስልኳን መክፈቻ ቁጥር ቀየረች። የቀድሞው የሠርጋችን ቀን ነበር። አስተማሪዎ «በቀላሉ የሚገመት ቁጥር አይሁን» ብለው ስለመከሯት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ያከበርነው ቀን ለሌባ የሚመች ሆኖ ተገኘ። በሳምንቱ ደግሞ የሚላክላት መልእክት ስልኩ እንደተቆለፈ እንዳይነበብ አደረገች። ስልኩ ይጮኻል፣ እሷ ፈገግ ትላለች፣ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

ሁለተኛ፤ ለምሳ ስንቀርብ የአስተማሪዎ ስም ከጨው ይቀድማል። «መምህሩ እኮ ልክ ናቸው፤ የእጅ ባትሪ የሚያበራ አፕ ማይክ ምን ያደርግለታል? ያለሁበትን ቦታስ ማወቅ ለምን አስፈለገው? ከለከልኩት!» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ ያበሳጨኝ።

ሦስተኛውን መጻፍ ያሳፍራል። አንድ ቀን ልብስ ልታደርስ ስትወጣ ስልኳን ረስታ ሄደች። የእሷን ልደት ሞከርኩ፣ የልጃችንን ልደት ሞከርኩ፤ በመጨረሻም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የአስተማሪዎን ስልክ የመጨረሻ አራት አሃዞች ሞከርኩ። ለካ ስልኩ ቁጥር የሚሳሳተውን ሰው ፎቶ ያነሳል! ስትመለስ አሳየችኝ፤ አፌን ከፍቼ፣ መነጽሬ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ወርዶ። አልጮኸችም።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችኝ።

ስልኩን ራሷ ከፍታ ሰጠችኝ። ከመምህሩ ጋር የተጻጻፈችው ሁሉ ስለ አሮጌው ኮምፒውተራችን ነበር፤ «ዛሬ እሠራዋለሁ፣ ነገ እሠራዋለሁ» እያልኩ ስድስት ወር ስላስቀመጥኩት።

አራተኛ፤ በማግስቱ ያንኑ ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው። ገመዱን ከሶኬት ነቀለች፤ በእጇ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው መጀመሪያ ብረት ነካች። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረገች፤ የሜሞሪውን ካርድ አውጥታ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ አሸት አሸት አደረገችና ቀጭ እስኪል መልሳ ሰካችው። ስታበራው ተነሣ። እኔ፣ በመበየጃ ያረጀሁት ሰውዬ፣ ብሩሽ አቀባይ ሆኜ ዋልኩ።

ክቡር ሆይ፣ ድሮ አምፖል ሲቃጠል እንኳ «አንተ፣ እስቲ ና» ትለኝ ነበር። በአስተማሪዎ የቀናሁ መስሎኝ ነበር እንጂ፣ ያንገበገበኝ የዚያች «እስቲ ና» መጥፋት ነው።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ልመዘገብ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ «ክፍሉ ሞልቷል፤ አዲሷ ረዳት አስተማሪ ከፈቀዱ ግን አንድ ወንበር እንጨምራለን» አሉኝ። አዲሷ ረዳት አስተማሪ ባለቤቴ ናት። ቤት ገብቼ ጠየቅኳት። አስባ አስባ፣ «ትመዘገባለህ፤ ግን ተናግሬ ሳልጨርስ ከአፌ አትንጠቀኝ» አለችኝ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።

በገዛ ቤቴ ያለ ሥራ አስቀርተው ተማሪ ላደረጉኝ ለእርስዎ፣ ከታላቅ አክብሮትና ጥርሴን ነክሼ ከማቀርባት ምስጋና ጋር፣

ከማዶ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ የጸሐፊዎ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል፤ ከመንገድ በመስኮት ይነበባል። የራስዎ ስምና የትውልድ ዓመትዎ ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ ይህን ደብዳቤ ከሚያነቡት በስተቀር።