እህትሽ የመረጠችው ሕክምና

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እግዜር በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን። የሚያፈሰው ጣራ ተጠግኗል፤ አባትሽም ጥርሱን አስነቅሎ እንደ ሕፃን ሲነጫነጭ ሰነበተ።

በስልክ የደበቅኩሽ የእህትሽን ነገር ነው። የወር አበባዋ ሲመጣ አሥር ቀን ሙሉ ይፈሳት ነበር። «የሴት ነገር ነው፣ ቻይው» እያልኩ ያቆየኋት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ልብስ ስትሰፋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። የመጀመሪያው ሐኪም «የማህፀን እጢ ነው፤ ማህፀኑ ይውጣ» አላት። ገና ሳትወልድ! አልቅሳ ሲወጣላት ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ አልትራሳውንዱን ደጋግማ አየችና፣ «ደሙን የሚቀንስ መድኃኒት አለ። ያንቺን እጢ ለብቻው ማውጣትም ይቻላል፤ ማህፀንሽ ይቀራል። ወሳኟ አንቺ ነሽ» አለቻት። እህትሽ ዞራ አየችኝ። ልናገር ቃጥቶኝ ነበር፤ ውሳኔውን ለእሷ ተውኩት።

«እጢው ብቻ ይውጣልኝ» አለች።

ከወጣላት ሦስት ሳምንት ሆነ። ትናንት ደረጃውን ማንም ሳይደግፋት ወጣች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አነባሁ።

አንቺንም በልጅነትሽ የወር አበባሽ ሲመጣ ሆድሽን ይዘሽ እየተንፈራፈርሽ ፈተና ሰድጄሻለሁ። ይቅር በይኝ፣ እናቴ። አሁንም የሚያምሽ ከሆነ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ታዪልኝ፤ ያሉሽንም ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ጤናሽን ያብዛልኝ፣ ደግ ደጉን ያሰማኝ።

እናትሽ