ቫርኒሽ የተቀባው በረንዳ

ሚያዝያ 20

አምና ዝናቡ ሳይገባ የእንጨት በረንዳችን ከሥሩ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባ፣ አለዚያ ምስጥ ይጨርሰዋል ብዬ ባሌን ለምኜው ነበር። የኔ መሐንዲስ ላይ ላዩን ቫርኒሽ ለቅልቆ፣ «ማን ጎንበስ ብሎ ከሥር ያየዋል?» አለኝ።

ዛሬ የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩልን መጡ። የሚያብረቀርቀውን ጣውላ ረገጡና እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። እግራቸውን ስናወጣላቸው ቀሚሳቸው ላይ ምስጥ ይርመሰመሳል። ባሌ ግን እንኳን ሊያፍር፣ «አባ፣ እንጨቱ ከአቦቦ ጫካ የመጣ ነው፤ አይረባም» ይላል።

አባ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አዩና፣ «ልጄ፣ እንጨቱ ምን አደረገ?» አሉት።

እሳቸው እንደሄዱ ባሌ ቀዳዳው ላይ ምንጣፍ ዘረጋበት። ውስጡን ለቄስ ይባላል። የኛን ቄሱም አይተውት ሄደዋል፤ አሁን ከማን ሊደብቀው ነው?