ሞተሯን ልሸጣት ነው፣ ወንድም ጋሼ

ወንድም ጋሼ፣

በቅድሚያ እጅህን ከግራሶ ጠርገህ ቁጭ በል። ይህን ደብዳቤ ቆመህ፣ በአንድ እጅህ መፍቻ ይዘህ እንድታነበው አልፈልግም። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ? ብርዱ ሲገባ ደረጃ መውጣት አስቸግሮሃል ብላ እማዬ ሹክ ብላኛለች፤ አንተማ ቢቆርጡህ አትናገርም። እማዬስ ራሷ እንዴት ናት? አዲሱ መነጽር ተስማማት ወይስ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ደብቃ በግምት ነው የምትሄደው? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ጋራዡ፣ ሁሉም ሰላም ነው? እኔ እንደ አዲስ የተሰቀለ መጋረጃ ቀጥ ብዬ አለሁ። ናፍቆታችሁ አልፎ አልፎ ቢያጨማድደኝም ተመልሼ እዘረጋለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስታነብ ትደርስበታለህ። ለጊዜው ይህን ብቻ ያዝልኝ፤ የኔና ያንተ ስልክ የሞተሯ እንጂ የኛ ሆኖ አያውቅም፤ የዛሬው ወሬዬ ደግሞ የኛ ነው።

ሥራው እንደነገርኩህ ሆኗል። ለሆቴልና ለአዳራሽ መጋረጃ የሚሰፋው ድርጅት ውሉን ልኮልኝ ፈርሜያለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ከዚህኛው የሰው አገር ወደ ሌላኛው ድንበር ተሻግሬ የስፌት ክፍሉ ኃላፊ እሆናለሁ። አልፈራሁም። እንዲያውም ካልዋሸሁህ ኩራት ቢጤ ይዳዳኛል። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ቤት መሰላል ላይ ተንጠልጥዬ የመጋረጃ ዘንግ ስሰቅል ኖሬ፣ ከእንግዲህ ከታች ቆማ «ወደ ግራ፣ ኧረ ትንሽ ወደ ግራ» የምትለው እኔ ነኝ። አከራዬ ወሬውን ስትሰማ የሳሎን መጋረጃዬን ሳትጨርሺ የትም አትሄጂም ብላ በሩ ላይ ቆመችብኝ። ጨርሼላታለሁ። የመረጠችው ጨርቅ ደማቅ ቀይ ስለሆነ ሳሎኑ ቲያትር ቤት መስሏል፤ እሷ ግን ወዳዋለች፣ እኔም አፌን ይዣለሁ።

አልቆረጥልኝ ያለው የሞተሯ ነገር ነበር። ይዣት ልሂድ፣ ወደ እናንተ ልጫናት ወይስ ልሽጣት? መካሪ መቼም አላጣሁም። እማዬ «ሸጠሽ ገላግዪኝ፣ ያቺ ሞተር በተነሳች ቁጥር ሆዴም አብሯት ይነሳል» ትላለች። ባለቤትህ ለዚህ ያበቃችሽን ሞተር አትክጃት፣ ይዘሻት ሂጂ ባይ ናት። አንተ መጀመሪያ ይዘሻት ሂጂ አልክ፣ ቀጥሎ ካልሆነልሽ ወደ እኔ ጫኛት አልክ። ምን ታደርግልሃለች ብዬ ስጠይቅህ ጋራዥ ውስጥ ትቁም ብለህ አረፍከው። ጋሽዬ፣ ጉልበትህ ሞተር ላይ እንዳትወጣ ከከለከለህ ስንት ጊዜው! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው አይደል እንዴ?

እውነቱን ልንገርህ፣ ያመነታሁት ለብረቱ ስል አይደለም። ሞተሯ ከሌለች እሁድ እሁድ ምን ብለህ ትደውልልኛለህ ብዬ ነው። እዚህ በመጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት ስልካችን ምን እንደነበር እስኪ አስታውስ። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። በርቺ። ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ቻው። አባታችንም እንዲሁ ነበር። አንተ ዝምታውን ከሱ ወረስክ፤ እኔ ይህን ምላስ ከማን እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሞተሯን የገዛሁ ለት ግን ሌላ ሰው ሆንክብኝ። ስልኩን ወደ ማርሚታው አስጠጊው አልከኝ፣ አስጠጋሁት። አይተሃት የማታውቃትን ሞተር ጭሷ ከሚወጣበት ቱቦ ሰምተህ ካንዴላዋ ቆሽሿል አልክ፤ ፈትቼ ሳየው ጠቁሮ አገኘሁት። የዚያን ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ በስልክ የሚያክም ወንድም አለኝ እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ቀርተህ አታውቅም። ሞተሯ እንዴት ናት ብለህ ትጀምራለህ፤ እኔን ግን አትጠይቀኝም። እኔም ዘዴውን ተማርኩ፣ ስለሷ እያወራሁ ስለራሴ ጣል አደርጋለሁ። ዝናብ መታት ስልህ እኔንም እንደመታኝ ታውቃለህ። ዳገቱ ከበዳት ያልኩህ ሳምንት ለኔም ከባድ ነበር። ዘይቷን ሳታሳልፊ ቀይሪላት ስትለኝ፣ አንቺም ዕረፊ ማለትህ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ወሬ ስትሸከም የኖረችን ሞተር እንዴት አድርጌ ልሽጥ?

ስለዚህ በመጀመሪያ ያመራሁት ወደ ጭነት አስተላላፊው ቢሮ ነው። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ነዳጇ ይቀዳል፣ ባትሪዋ ይነቀላል፣ መሪዋ ይፈታል፣ ከዚያ በጣውላ ሳጥን ትታሸጋለች እያለ ቆጠረልኝ። የሞተር ጭነት ሳይሆን የቀብር ሥነ ሥርዓት የሚያስረዳኝ መሰለኝ። እዚያ ስትደርስስ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ድርጅቱ ለዘንጉም ለጨርቁም ባለ ሹፌር መኪና አለው። ሞተሯ እኔ ጋ ብትመጣም ቆማ ልትውል ነው፣ አንተ ጋ ብትመጣም ቆማ ልትውል ነው። አባታችን በቆመ መኪና አጠገብ ሲያልፍ የታመመ ሰው እንዳየ ከንፈሩን ይመጥ እንደነበር ታስታውሳለህ።

ገበያ አላጣሁም። መጀመሪያ የመጣው ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ደህና ዋጋ ጠራ፤ ነገር ግን ጎረቤቴ በያጁ ዘንግ እንድጭንበት ከጎኗ የበየደልኝን ብረት አይቶ ይህን አስቆርጬ እጥለዋለሁ፣ መልኳን አበላሽቶታል አለኝ። በሱ ብረት ላይ ስንት ቤት እንዳለበስኩ ቢያውቅ ኖሮ! እንግዲያው ሂድና መልከ መልካሟን ፈልግ ብዬ ሸኘሁት። ሁለተኛው እታች መንገድ ላይ ሱቅ ያለው መስታወት ቆራጭ ነው። የሱ ሞተር ከሞተች ወዲህ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በእግሩ ያደርሳል፤ ሰው ሁሉ ሲያየው መንገድ ይለቅለታል። እሱ ሞተሯን አስነሺልኝ እንኳ አላለም። ያንን የጎን ብረት ነቅነቅ፣ ነቅነቅ አደረገና ይህማ መስታወት ይችላል አለ። ቀጥሎም አንቺ መጋረጃ፣ እኔ መስታወት፣ ድሮስ ከአንድ መስኮት ወዴት እንርቃለን ብሎ ሳቀ። ልቤ ወደሱ ሄደ፤ ቢሆንም አስቤ ልንገርህ አልኩት። ያሰብኩት አንተን ነው።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሯ ስትሄድ የምታሰማትን ቅጭልጭል መቼም አትረሳትም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን ያስታመምናት እሷን አይደል? ሰንሰለቱ ላልቷል አልክ፣ አጠበቅኩት። ጠብቋል አልክ፣ አላላሁት። አዲስ ሰንሰለት ግዢ አልክ፣ ገዛሁ። የጭቃ መከላከያው ብሎን ነው አልክ፣ እሱንም ቀየርኩ። እሷ ቅጭል ቅጭሏን አልተወችም። ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ፣ ብሸጣትም ብጭናትም ንጹሕ ትሁን ብዬ ላጥባት መቀመጫዋን ፈታሁ። ከመፍቻው ሳጥን ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? እፍኝ ሙሉ የመጋረጃ ቀለበት! መቀመጫው ሥር የምይዝባቸው ከረጢት ተቀዶ አንድ በአንድ እየሾለኩ ገብተው ኖሯል። ቀለበት አጉድለህ ሸጥክልኝ ብዬ ያ ምስኪን ባለ ሱቅ ላይ የጮኽኩባቸው እነዚያው ቀለበቶች ናቸው። ቀለበቶቹን አውጥቼ መቀመጫዋን መልሼ ወዘወዝኳት። ጭጭ አለች።

መጀመሪያ እንባዬ እስኪመጣ በሳቅ ፈረስኩ። ያ በስልክ የሚያክም ጆሮህ ቀለበት ከሰንሰለት መለየት አቃተው ብዬ ስልኩን አነሳሁ፣ ላበሽቅህ። ልደውል ስል ግን አንድ እሁድ ትዝ አለኝ። ሞተሯን አጥፊያትና በቆመችበት ግራና ቀኝ ወዝውዢያት ብለኸኝ ነበር። ጠፍታ፣ ቆማ፣ ጎማዋ ሳይዞር ተቅጨለጨለች። አንተ አንዴ ደግመሽ ወዝውዢያት አልክ። ከዚያ ሰንሰለቱ ነው፣ ለማንኛውም እሁድ ደግሜ ልስማት አልክ። ያልዞረ ሰንሰለት! ዕድሜህን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የኖርክ ሰውዬ!

ዐውቀህ ነበር፣ ጋሽዬ። አትካደኝ። ልቅም አድርገህ ዐውቀሃል። ግመል ሰርቀህ አጎንብሰህ ስትሄድ እኔ ሞኟ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላይህ ቀረሁ። ብትነግረኝ ኖሮ ትድን ነበር፤ ከዳነች ደግሞ የምትደውልበት ሰበብ የምታጣ መስሎህ ፈራህ። ቀለበቶቹን በእጄ እንደያዝኩ መሬት ላይ ዘፍ አልኩና አለቀስኩ። የደስታ ነው፣ ለእማዬ አለቀሰች ብለህ እንዳትነግርብኝ። ባሕር ማዶ ሆኜ ማን ያስበኛል ብዬ በተከፋሁባቸው ቀናት ሁሉ፣ ወንድሜ ሆን ብሎ የተሳሳተ ብሎን ሲያስፈታኝ እንደነበር ሳውቅ እንዴት አላለቅስ? አንቺስ ብትሆኚ አታለቅሺም ወይ በልልኝ ለባለቤትህ።

ስለዚህ ልሸጣት ነው። ሐሙስ መስታወት ቆራጩ ይወስዳታል። ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ትንሽ እንደምታኮርፍ፣ ዝናብ ላይ ፍሬኗን ቀስ ብሎ መያዝ እንዳለበት፣ ሁሉንም አሳይቼዋለሁ። እሱ ስለ አነሳሷ ሲጠይቅ እኔ ስመልስ አንተን አንተን ሸተትኩ። አንተ ዘንድ መጥታ ጋራዥ ውስጥ ከምትዝግ መስታወት ጭና ብትሮጥ ይሻላታል፤ ይህንን አንተም ልብህ ያውቀዋል። እንዳትቀየመኝ። ሞተሯ ስትሄድ ያንተ እሁድ አብሮ እንዲሄድ ግን አልፈቅድም።

አዲሱ ስልክ ቁጥሬን ከጀርባ ጽፌዋለሁ። አዲስ አገር ስገባ የመጀመሪያዋ እሁድ ታስፈራኛለች፤ ከሁሉም ነገር የምፈራው እሷን ብቻ ነው። ያን ቀን ሞተር የለም፣ ካንዴላ የለም። እንዴት ነሽ ብለህ ጀምርልኝ፤ የተረፈውን ለእኔ ተወው፣ የወሬ ችግር እንደሌለብኝ ታውቃለህ።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳምልኝ ብላለች በልና ሞተሯ መሸጧን አንተው አብስራት፤ ምርቃቷን እኔ ሳልሰማ እንዳትጨርሰው። ለባለቤትህ ምክሯን ባልሰማም እንደማከብራት ንገርልኝ፣ ለመኝታ ቤታችሁ የሚሆን ጨርቅ ቆርጬላታለሁ፤ ቀይ አይደለም። ለትልቋ ልጅህ የሒሳብ ፈተናዋን ማለፏን ሰምቼ በኩራት ማበጤን፣ ለትንሹ ጉንጮ ደግሞ ሞተር ላይ አወጣሃለሁ ያልኩትን ቃሌን በመስታወት ቆራጩ ምክንያት ማጠፌን በዘዴ አስረዳልኝ።

ከፖስታው ሥር የቀረች ነገር አለች፣ አራግፋት። ከቀለበቶቹ አንዷ ናት። ከጋራዡ ቁልፍ ጋር አንጠልጥላት። እሁድ ደውለህ ቃል ካጠረህ ስልኩ አጠገብ ቅጭል አድርጋት፤ ምን እንዳልከኝ ይገባኛል።

ታናሽ እህትህ

ከካርቶንና ከጨርቅ ጥቅል መሀል፣ የተከራየሁት ቤት
ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፬ ቀን