ለአሥራ አንድ ሰከንድ ዕቅፍ ሰኞ ስለሚነበብ ስም

ለክቡር አቶ ባህሩ
በባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ የሠፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ሰኞ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ለሚያነቡበት ጉሮሮዎ። እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ፊት ለፊት የምኖር፣ ባሌን ከቀበርኩ ዘጠኝ ዓመት ያለፈኝ፣ ፊደልን ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ በራሴ የለቀምኩ ሴት ነኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ የመናገር ልማድ ስለሌለኝ፣ በአደባባይ ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር እንደሚሉልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የልጄ ልጅ ሃሴት፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎ፣ ማክሰኞ ዕለት አንድ ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ወረቀቱ እንደሚለው፣ በተማሪዎች መካከል አካላዊ ንክኪን የሚከለክለውን መመሪያ ጥሳ የክፍል ጓደኛዋን ናትናኤልን በማቀፏ፣ ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ስሟና ጥፋቷ በተማሪው ሁሉ ፊት ይነበባል። ናትናኤል እናቱን ቀብሮ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰው ባቀፈችው ዕለት ጠዋት መሆኑን ወረቀቱ አይገልጽም፤ ቦታ ጠቦት ይሆናል። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ዩኒት ሊደሩ መምህር አብዱልሃሚድ ዕቅፉ አሥራ አንድ ሰከንድ እንደፈጀ በሪፖርታቸው አስፍረዋል። ሁለት የሚያለቅሱ ልጆች ፊት ቆሞ፣ ዓይንን ከሰዓት ሳይነቅሉ እስከ አሥራ አንድ መቁጠር ማንም የሚችለው ሥራ አይደለምና ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። እኛ ለቅሶ ስንደርስ ሐዘንተኛውን አንገቱን አቅፈን ስናለቅስ ሰዓት አይተን ስለማናውቅ፣ እስከ ስንት ሰከንድ እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ቢያሳውቁን እንታረማለን።

፪. መመሪያው በሁለት ተማሪዎች መካከል የአንድ ክንድ ርቀት እንዲኖር ያዛል። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው የሚቀመጡ ልጆች ይህን ክንድ ከየት እንደሚያመጡት ባይገባኝም፣ ለዴስክ ያልተገኘው ትጋት ለክንድ መገኘቱ ራሱ ትልቅ እድገት ነው።

፫. በሩ ላይ ስላሰቀሉት፣ «ስም መጻፍ አያስፈልግም» ስለሚለው ሰማያዊ የጥቆማ ሳጥን ግን ሰፋ አድርጌ እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ሥራውን አውቀዋለሁና።

በ1986 ዓ.ም. በዚሁ በር ላይ እንዲህ ያለ ሳጥን ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን የጎረቤቴ የወርቅነሽ ልጅ ዮዲት ጎርፍ የሞላውን ቦይ ስትሻገር፣ አንድ ተማሪ እጇን ይዞ ሲያሻግራት ከደጄ ሆኜ አየሁ። የያዛት እንዳትወድቅ መሆኑን በደንብ አይቻለሁ። ነገር ግን መጻፍ ከቻልኩ ገና ወር አልሞላኝም ነበርና፣ የጻፍኩትን የሚያነብልኝ ሰው ፈለግሁ። «ዮዲት ከወንድ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ትሄዳለች» ብዬ ጻፍኩ፤ ስለ ጎርፉ አልጻፍኩም። ሰኞ ጠዋት የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር ጽሑፌን አንድ ቃል ሳይቀንሱ አነበቡት፤ ጠቋሚውንም «ንቁ ወላጅ» ብለው አመሰገኑ። እኔም አጥሩ ሥር ቆሜ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ዮዲት ሳታለቅስ ከሰልፉ ወጣች። በበሩ ስታልፍ ዘበኛው ወዴት ነሽ አላላትም። ከሰዓት በኋላ ደብተሮቿ ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ አጠገብ ተገኙ፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ተጭኖባቸው ነበር። እርሷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

፬. ናትናኤል በለቅሶው ምክንያት ያመለጠውን ትምህርት እንዲገለብጥ ሃሴት ደብተሮቿን ሁሉ ሰጥታዋለች። መቼ እንደሚመልስላት ትናንት ብጠይቃት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ይያዛቸው፣ እማማ፤ ከሰኞ በኋላ ለምን ይሆኑኛል?» አለችኝ። እርሷም አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ አልለየኋትም፤ ትምህርት ቤት እየሸኘኋት፣ እስክትወጣ ድረስ በሩ ላይ እቆማለሁ። ዘበኛዎ ጥላ ሥር እንድቀመጥ ስለፈቀደልኝ አመሰግናለሁ፤ በእርስዎ ቅጥር ግቢ ውስጥ ካየሁት ሁሉ መመሪያ ያልተጻፈለት ደግነት ይህ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የሃሴትን ስም ከዝርዝሩ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምንዎታለሁ። ሰኞ የግድ የሚነበብ ስም ካስፈለገዎ የእኔን ያንብቡ። ጥፋቱን ከላይ ዘርዝሬዋለሁ፤ የሳጥኑ ደንብ ባይጠይቀኝም ሙሉ ስሜን ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

እያንዳንዱን የሰኞ ንባብ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከአጥሩ ማዶ ሆና የሰማች፣ ለሚሰጡት ውሳኔ ሁሉ ምስክር ለመሆን ዘወትር ዝግጁ የሆነች አክባሪ ጎረቤትዎ፣

አስካለ በቀለ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ከመላኬና በሠፈሩ ከመለጠፌ በፊት፣ ማንበብ ለማትችለው ለወርቅነሽ፣ ለዮዲት እናት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ጥቆማውን ማን እንደጻፈው ይህን ሁሉ ዓመት አታውቅም ነበር። አላቋረጠችኝም፤ አልረገመችኝምም። ሰልፉ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ብቻ ጠየቀችኝ። ሁለት ሰዓት አልኳት። በሚያነቡበት ጊዜ ፊትዎን ማየት እንድትችል፣ እባክዎ ከፊተኛው መስመር ቦታ ይያዙላት።