አራት ቃል

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለሲርካ። እንዴት ከረማችሁ? የአባባ ጉልበት በዚህ ብርድ እንዴት ሆነለት? እኔ እዚህ ስዊዘርላንድ ደህና ነኝ። ከፊንላንድ የላክሽው ጥቁር ዳቦ ደርሶኛል።

የበረዶ ሆኪው እንደ ወትሮው ነው፤ እንደ እኔ ያለ ተከላካይ ሥራው መጋጨት ነው። መስከረም ላይ የቡድናችን ሐኪም አሥር ቃል አንብቦልን “ያስታወሳችሁትን በሉ” አለን። በረኛችን ሬቶ ቀድሞ “አንተ ሞኝ፣ ዛሬ ጎበዝ እንዳትሆን! በኋላ ጭንቅላትህን ስትመታ ከዛሬው ጋር ነው የሚያስተያዩት፤ ካነሰ አያጫውቱህም” ብሎኝ ስለነበር፣ አሥሩንም እያወቅሁ አራት ብቻ መለስኩ። እዚህ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሜዳው አጥር ጋር በጭንቅላቴ ተላተምኩ። ሰኞ ሐኪሙ ሌላ አሥር ቃል አነበበልኝ። አሁን አሥሩንም ለማለት ሞከርኩ። አራት መጣልኝ።

“ግሩም! እንደ መስከረሙ ነህ፣ አርብ ትጫወታለህ” አለኝ። ሬቶም ጀርባዬን መታ አድርጎ “አንተ አስመሳይ!” አለኝ። አብሬው ሳቅሁ።

አባባ አርብ በቴሌቪዥን ይየኝ። ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ፎቷቸውን ስትልኪ ግን ከጀርባው ስማቸውን ጻፊበት፤ እዚህ ሰው ይጠይቀኛል።

ብርዱን ያቅልልላችሁ።
ወንድምሽ ኤይኖ